«ይህን ያህል ተጫውቶ ለምን ከታች ይጀምራል?»

ደብዳቤው የደረሰን ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አሳጥረነዋል።

«ልጄ 27 ዓመቱ ነው። ኮሌጅ እያለ የአሜሪካ ፉትቦል ላይንባከር (በመከላከሉ ወገን ከመጀመሪያው መስመር ኋላ የሚቆም ተጫዋች) ነበር። ድራፍት (ቡድኖች ከኮሌጅ በየተራ ተጫዋች የሚመርጡበት) ላይ ባይጠራም አንድ የኤን ኤፍ ኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ቡድን አስፈረመው፤ ሁለት ዓመት ፕራክቲስ ስኳድ (ከዋናው ዝርዝር ውጪ ለልምምድ የሚያዙ ተጫዋቾች) ላይ ቆየ፤ በሦስተኛው ዓመት ከዋናው ቡድን ጋር አራት ጨዋታ ተጫውቶ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በዓመቱ ተሰናበተ። አሁን አሠልጣኝ እሆናለሁ ይላል። ሁለት ነገር ቀርቦለታል። አንደኛው ሰፈራችን ያለ ሃይስኩል ነው፤ ዋና አሠልጣኝ ሁንልን ብለውታል፤ ደመወዝ አለው፣ ማታ ማታም ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው በመኪና 10 ሰዓት የሚርቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ግራጁዌት አሲስታንት ይሉታል። ትምህርቱን ይከፍሉለታል፣ የኪስ ገንዘብ ይሰጡታል፣ ሥራው ግን ፊልም መቁረጥና ፎቶኮፒ ማንሳት ነው አሉ። እሱ ይሄኛውን መረጠ! አባቱ ‹መንግሥቱ ወርቁም ተጫውቶ ነው ያሠለጠነው፤ ማን ፎቶኮፒ አስነሳው?› እያለ ይቆጣል። እኔ ስለ ኳሱ አላውቅም። ይህን ያህል ተጫውቶ ለምን ከታች ይጀምራል? ምን ብዬስ ልምከረው?»

እናታችን፣ ልጅዎ የመረጠው ትክክል ነው ብለን እናምናለን። ሳይፈርም በፊት ግን ጠይቆ በጽሑፍ መቀበል ያለበት ነገር አለ፤ ወደ እሱ እንደርሳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአባቱ ቁጣ እንጀምር። መንግሥቱ ወርቁ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳው ቡድን ውስጥ ተጫውቶ ኋላ ብሔራዊ ቡድናችንን ማሠልጠኑ እውነት ነው። ነገር ግን በእኛ እግር ኳስ ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም ኳስ ይነካል፤ አጥቂውም ሲከላከል ይታያል። በአሜሪካ ፉትቦል የሚያጠቁት 11 እና የሚከላከሉት 11 የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሜዳ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ አብዛኛውን ስብሰባቸውንም በየክፍላቸው ነው የሚያደርጉት። የኤን ኤፍ ኤል ቡድን 53 ተጫዋች ይይዛል። ከላይ ዋናው አሠልጣኝ አለ፤ ከሥሩ ኮርዲኔተር የሚባሉት የማጥቃት፣ የመከላከልና የልዩ ቡድን (ኳስ በእግር ሲመታ የሚገባው) ኃላፊዎች አሉ፤ ከእነሱ ሥር ለየመጫወቻ ቦታው የተመደቡ አሠልጣኞች፣ ከዚያ ረዳቶቻቸው፣ ከሁሉም በታች ፊልም የሚያዘጋጁ፣ ኳሊቲ ኮንትሮል የሚባሉት አሉ። ጠቅላላ ቁጥራቸው ከ20 ያልፋል። ልጅዎ በእነዚያ ዓመታት የተቀመጠው በአንዱ ክፍል ውስጥ ነው፤ በላይንባከሮቹ ክፍል። ግድግዳ ተጋርተው በሚቀመጡት በኮርነርባኮቹ (በሜዳው ዳር ተቀባዮችን የሚጠብቁት) ክፍል ምን እንደሚባል የሚያውቀው በወሬ ነው። ስለ ማጥቃቱ ወገን ደግሞ የሚያውቀው ሊያቆመው የሞከረውን ያህል ብቻ ነው።

ሌላም አለ። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን፤ ለተጫዋች እውነት ነው። ጥሩ ላይንባከር ከፊቱ ያለው የጋርዱ (በአጥቂው መስመር ከመሐለኛው ጎን የሚቆመው) እግር ወዴት እንደተነሣ አይቶ፣ ሳያስብ ይሄዳል። ለምን እንደሄደ ቢጠየቅ «ታየኝ» ይላል። «ታየኝ» ግን ለሌላ ሰው አይማርም። አሠልጣኝ የልቡን በአፉ ማውጣት፣ ሰሌዳ ላይ መሣል፣ ከዚያ በሌላ ሰው እግር ሲሠራ ማየት አለበት። በልብ ያለ ሙያ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

በመጫወቻ ቦታ ከልጅዎ ጋር የሚገናኝ ሰው እንጥቀስ። ዲሜኮ ራያንስ ላይንባከር ነበር። ከአላባማ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2006 ድራፍት በሁለተኛው ዙር፣ በ33ኛ ተራ ሂውስተን ቴክሳንስ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተከላካይ ተባለ፤ በ2007 እና በ2009 ለፕሮ ቦውል (ለሊጉ ምርጦች ስብስብ) ተመረጠ፤ ኋላ ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ተዛውሮ እስከ 2015 ተጫወተ። አሥር የውድድር ዘመን! ይህ ሰው በ2017 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ሲቀጥረው የተሰጠው ወንበር የመከላከል ኳሊቲ ኮንትሮል ነበር፤ ያ ከሁሉም በታች ያልነው። በ2018 የመሐል ላይንባከሮች አሠልጣኝ ሆነ። ኮርዲኔተሩ ሮበርት ሳላ በ2021 የኒው ዮርክ ጄትስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሲሄድ ወንበሩን ተረከበ። በ2022 ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ጥቂት ነጥብ የተቆጠረበት የእሱ ተከላካይ ክፍል ነበር። በ2023 የድሮ ቡድኑ ሂውስተን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ መለሰው፤ ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት 3 አሸንፎ፣ 13 ተሸንፎ፣ 1 አቻ የወጣው ቡድን 10 አሸንፎ በ7 ሽንፈት ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ።

ፎርቲናይነርስ ሲቀጥረው የነበሩት ዋና አሠልጣኙ ካይል ሻናሃንና ሳላ፣ ራያንስ በሂውስተን ሲጫወት እዚያው አሠልጣኞች ነበሩ። ስለዚህ ያውቁታል። የተጫዋችነት ስም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ በር ያስከፍታል፣ ስልክ ያስነሣል። ደረጃውን ግን አያሳጥርም፤ እሱም እንደ ማንም ከመጀመሪያው እርከን ጀመረ።

«የእኔ ልጅ ግን አራት ጨዋታ ብቻ ነው» ይሉ ይሆናል። ኬቨን ኦኮኔል ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራ፣ ኳስ የሚወረውር) ነበር፤ በ2008 ኒው ኢንግላንድ በሦስተኛው ዙር መረጠው፤ በመደበኛው ውድድር ሜዳ የረገጠው በሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። በ2015 በክሊቭላንድ የኳርተርባኮች አሠልጣኝ ሆኖ ጀመረ፤ በ2022 የሚኒሶታ ቫይኪንግስ ዋና አሠልጣኝ ሆነ፤ በ2024 የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብሎ ተሸለመ። እንዲያውም ተቀያሪ ሆኖ የቆየ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ በጉልበቱ ቦታውን መያዝ ስላልቻለ ጨዋታውን በአእምሮው መያዝ ለምዷል። ፕራክቲስ ስኳድ ላይ ያለ ተጫዋች በየሳምንቱ የተጋጣሚውን ቡድን አስመስሎ ለዋናዎቹ ይጫወታል። ልጅዎ በዓመት 17 ጨዋታ ሲሰላ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ የተለያዩ ቡድኖችን መስሎ ተጫውቷል ማለት ነው። ይህን ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ አይደብቀው፤ ንብረቱ ነው።

ደረጃው የተዘለለበት ጊዜም አለ፤ የሆነውን ደግሞ ሁሉም አይቷል። ጄፍ ሳተርዴይ ለኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ለዓመታት የተጫወተ፣ ስድስት ጊዜ ለፕሮ ቦውል የተመረጠ ሴንተር (ኳሱን ለኳርተርባኩ የሚያቀብለው የመስመሩ መሐለኛ) ነው። ከኮልትስ ጋር ሱፐር ቦውልን፣ የሊጉን ዋንጫ፣ በልቷል። ሃይስኩል ከማሠልጠኑ በቀር በኮሌጅም ሆነ በሊጉ አሠልጥኖ አያውቅም ነበር። በኖቬምበር 2022፣ በውድድሩ መሐል፣ ኮልትስ ጊዜያዊ ዋና አሠልጣኝ አደረገው። የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈ፤ ቀጥሎ ያሉትን ሰባቱን ተሸነፈ። ከነዚያ መሐል ከቫይኪንግስ ጋር ያደረገው በዕረፍት ሰዓት 33 ለ 0 እየመራ 39 ለ 36 የተሸነፈበት ነው፤ በሊጉ ታሪክ ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ተመልሶ አያውቅም። ሰውየው ስለ ጨዋታው ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለንም። ሰዓት መቼ እንደሚገደል፣ የዕረፍት ጥሪ መቼ እንደሚቀመጥ፣ ማን በማን እንደሚተካ መወሰን ልምምድ የሚፈልግ እጅ ነው፤ ያን እጅ የሚያለምዱት ደግሞ ብዙ ሰው የማያያቸው ዓመታት ናቸው።

አሁን «ፊልም መቁረጥ» የሚባለውን እንዘርዝርልዎ፤ ሲሰሙት ነው እንጂ ሲያዩት የሚናቅ ሥራ አይደለም።

ቡድኑ የዚህን ሳምንት ጨዋታ እየተዘጋጀ ሳለ ልጅዎ የሚመጣውን ሳምንት ተጋጣሚ ይዞ ይቀመጣል። የተጋጣሚውን የመጨረሻ አራት ጨዋታ ይወስዳል። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከ60 እስከ 70 ጊዜ ያጠቃል፤ በአራት ጨዋታ ወደ 250 ማለት ነው። እያንዳንዷን በሁለት ካሜራ ያያታል፦ አንደኛው ከጎን፣ ከከፍታ፣ 22ቱም የሚታዩበት፤ ሁለተኛው ከሜዳው ጫፍ፣ ከኋላ፣ የመሐሉ ግፊያ የሚታይበት። ከዚያ ለእያንዳንዷ አንድ መስመር ይሞላል። የስንተኛው ሩብ፣ የስንተኛው ሙከራ (አጥቂው 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው)፣ ስንት ያርድ ቀረው፣ ኳሱ ከሜዳው ግራ ነው መሐል ወይስ ቀኝ፣ እነማን ገቡ፣ እንዴት ተሰለፉ፣ ኳሱ ሳይነሣ ማን ቦታ ቀየረ፣ ሮጡ ወይስ ወረወሩ፣ በየት በኩል፣ ስንት ያርድ አገኙ። 15፣ 20 ዓምድ ይሆናል። «እነማን ገቡ» የሚለው የራሱ ቁጥር አለው፦ 11 ከተባለ አንድ ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ) እና አንድ ታይት ኤንድ (የሚገፋም የሚቀበልም)፤ 12 ከተባለ አንድ ራኒንግ ባክና ሁለት ታይት ኤንድ ማለት ነው። እነዚህና ተቀባዮቹ ተደምረው ሁልጊዜ አምስት ስለሆኑ የቀሩት ተቀባዮች ናቸው።

ይህ ሁሉ ተሞልቶ ሲያልቅ ኮርዲኔተሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሁለት ያርድ ሲቀራቸው፣ 12 ሆነው ሲገቡ፣ ምን ያደርጋሉ?» መልሱ ከዚያ ሰንጠረዥ መውጣት አለበት። ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አራት ጊዜ ታይቶ ሦስት ጊዜ ከሮጡ «75 በመቶ ይሮጣሉ» ብሎ ይጽፋል። አራት ቁጥር ልማድ አያሳይም፤ ኮርዲኔተሩ አምኖት ሁሉንም ወደ መሐል ቢያስጠጋ ኳሱ በላያቸው ላይ ያልፋል። ስለዚህ ከመቶኛው አጠገብ «ከ4 3» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚወስነው አለቃ ነው። ሌላው ስህተት ያለቀለት ጨዋታን መቁጠር ነው። በአራተኛው ሩብ 31 ለ 7 እየመራ ያለ ቡድን ሰዓት ለመግደል ይሮጣል፤ ያንን ከሌላው ጋር ከደመሩት የማይሮጠውን ቡድን ሯጭ ያስመስለዋል። ልዩነቱ ከ17 ነጥብ ሲበልጥ የአራተኛውን ሩብ ለብቻው መለየት ጥሩ ልማድ ነው።

ፎቶኮፒ የተባለው ደግሞ ካርድ ነው። የልምምዱ ተጋጣሚ ሆነው የሚጫወቱት ልጆች የዚያን ቡድን ጨዋታ አያውቁም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሙከራ በአንድ ወረቀት ይሣልላቸዋል። 11 ክብ፣ በየክቡ የልጁ ቁጥር፣ የሚሮጥበት መስመር በወፍራም ማርከር። በአንድ የልምምድ ቀን 50፣ 60 ካርድ ሊያስፈልግ ይችላል። ልጅዎ የመከላከሉ ወገን ሰው ስለሆነ ሁልጊዜ ጨዋታውን ያየው ከተከላካዩ ፊት ነው፤ ካርዱ ግን ለአጥቂዎቹ ስለሚያዝ አጥቂዎቹ ከታች ሆነው ወደ ላይ እንዲያዩ ተደርጎ መሣል አለበት። ገልብጦ ከሣለው ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ዋናዎቹ ተከላካዮች ሐሙስ ዕለት በሌለ ነገር ላይ ተለማምደው ቅዳሜ ሜዳ ይገባሉ። በዚህ ሥራ የሰው እምነት ከሚታጣባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው፤ ሰውየው ሦስት ዓመት ፕሮ ተጫውቶ ከሆነ ደግሞ ሳቁ ይብሳል።

አንድ ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው ምን ያተርፋል? በየሳምንቱ አንድ አዲስ የማጥቃት ሥርዓት ከሥሩ ፈትቶ ይገጣጥማል። ተጫዋች ሆኖ ሊያይ ያልቻለውን የሌላውን ክፍል ወሬ በእጁ ይጽፈዋል። የኮምፒውተሩ ነገር ካስፈራው ከወዲሁ ይጀምር፤ ኤክሴል ላይ ማጣራትና መደመር፣ ቪዚዮ ወይም ፓወርፖይንት ላይ ጨዋታ መሣል፣ ሃድል በሚባለው ፕሮግራም ላይ ቪዲዮ መከፋፈልና ስም መስጠት። ለእነዚህ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ይበቃል። በእጅ እየሣለ በሰው የሚያስጽፍ የቀድሞ ተጫዋች ብዙ አይቆይም።

ዩኒቨርሲቲው ገና ካላጸደቀለት ሰሌዳ ላይ ማቆሙ አይቀርም። ማርከር ይሰጡትና «ከቨር 3ን አስተምረን» ይሉታል። ከቨር 3 በሦስት ሰው የሜዳውን ጀርባ ሦስት ቦታ ከፍሎ መጠበቅ ነው፤ አራት ሰው ከፊታቸው ይይዛል፣ አራቱ ኳርተርባኩ ላይ ይሮጣሉ። ልጅዎ የላይንባከሩን ሥራ በእንቅልፉም ይናገረዋል። የሚጠይቁት ግን ስለ ኮርነሩ ነው፦ «የውጪው ተቀባይ አጭር ቆሞ ከውስጥ ያለው ወደ ላይ ቢሮጥ ኮርነርህ ማንን ይይዛል? አራቱም ተቀባዮች ቀጥ ብለው ቢሮጡ፣ ጀርባ ያሉት ሦስት ናቸው፤ አራተኛውን ማን ያስቀረዋል?» ለሁለተኛው መልሱ ውስጥ የእሱ ላይንባከር አለበት፤ የውስጡን ተቀባይ ነክቶ፣ መንገዱን አስቶ፣ እስኪረከቡት ተሸክሞት መሄድ አለበት። ለመጀመሪያው ግን የኮርነሮቹን ክፍል ቋንቋ መናገር ይኖርበታል። ከዚያ «አሁን ይህንኑ ገና ለመጣ የ18 ዓመት ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገረው» ይሉታል። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሃያ ቃል በሚበቃበት ሁለት መቶ ያፈሳሉ።

ልምምዱ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ይስቀል፤ በየቀኑ አንድ አሰላለፍ መርጦ የ11ዱንም ሥራ ጮክ ብሎ ይናገር፤ በስልኩ ይቅረጸው፤ 10 ደቂቃ ካለፈ ያሳጥረው። እርስዎ ኳሱን አላውቅም ብለዋል፤ እንዲያውም ይህ ጥሩ ነው። እርስዎን ፊቱ ያስቀምጥና ለእርስዎ ያስተምር። እርስዎ ከገባዎት ለልጆቹም ይገባቸዋል።

ሜዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ የቀድሞ ተጫዋች የሚይዘው በሽታ ማሳየት ነው። «እንዲህ አድርግ» ብሎ ራሱ ይሠራዋል፤ ያምራል፤ ልጁ ግን ያን እግር የለውም። ልጅዎ ፈጣን ስለነበር አንድ እርምጃ ዘግይቶም ይደርስ ይሆናል፤ ቀርፋፋ ተማሪው በዚያው መንገድ ሲሄድ ክፍተቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ከችሎታ በፊት ምልክት ይስጥ፦ ዓይን ጋርዱ ላይ፣ የመጀመሪያው እርምጃ አጭር፣ ስድስት ኢንች ያህል፤ ጋርዱ ወደ ፊት ከመጣ ወደ ፊት፣ ወደ ጎን ከተጎተተ አብሮ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ከተቀመጠ ኳስ ሊወረወር ነውና ወደ ኋላ። ይህ ለማንኛውም እግር ይሠራል።

የሃይስኩሉን ሥራ አንንቀው። እዚያ ከመጀመሪያው ቀን መከላከሉንም ማጥቃቱንም ራሱ ይጠራል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዚያ ዓመታት ይጠብቃል። ዋና አሠልጣኝ የሚለው ስም ግን አውቶቡስ መያዝን፣ የመለያ እጥበትን፣ የተማሪዎችን ውጤት መከታተልን፣ «ልጄን ለምን አላስገባኸውም» የሚል ወላጅን ማስተናገድንም ይጨምራል። በብዙ ቦታ ዋናው ደመወዝ የመምህርነቱ ነው፤ ለማሠልጠኑ የሚከፈለው ጭማሪ ትንሽ ነው። ስለዚህ የማስተማር ፈቃድ የሌለው ሰው የቀረበለትን ቁጥር ከምን እንደተደመረ ይጠይቅ። ልጅዎ መኖር የሚፈልገው እዚያው አካባቢያችሁ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከሆነ ይህ ጥሩ ሕይወት ነው፤ እኛም ያንኑ እንለው ነበር። ወደ ሊጉ መመለስ ከፈለገ ግን ከሃይስኩል ወደዚያ ያለው መንገድ በጣም ቀጭን ነው። ሳይጋጩ መሄድም ይቻላል፤ እስከሚሄድ ድረስ በጸደዩ ልምምድ በነጻ ላግዛችሁ ይበላቸው። ለዚያም የጭንቅላት ጉዳት መለያ ኮርስና የመጀመሪያ እርዳታ ወረቀት ይጠይቁታል፤ ኮርሱን ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይወስደዋል።

አሁን ወደ ውሉ። ግራጁዌት አሲስታንት ለመሆን በድኅረ ምረቃ ትምህርት መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ አሠልጣኙ «መጥተሃል» ቢለው እንኳ የትምህርት ክፍሉ ካልተቀበለው ሥራው የለም። የድሮ ውጤቱን ዛሬውኑ ያስወጣ። የትምህርት ክፍያ ሲባል የምዝገባና የአገልግሎት ክፍያውን ይጨምራል ወይ? የሰመሩን ትምህርትስ? የጤና መድን አለው ወይ? ስንት ሴሚስተር? ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ዋናው አሠልጣኝ ዲሴምበር ላይ ቢባረር የእሱ ትምህርት ይቀጥላል ወይ? ዋና አሠልጣኝ ሲወጣ ረዳቶቹ አብረው ይወጣሉ፤ አዲሱ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ትምህርቱ ቢያንስ የተጀመረው የትምህርት ዓመት እስኪያልቅ እንደሚከፈል በጽሑፍ ካልያዘ፣ ግማሽ ማስተርስ ይዞ መኪናው ውስጥ ዕቃ ሊጭን ይችላል። ይህ በዚህ ሙያ ውስጥ ተራ ነገር ነው። የቀድሞው ተጫዋች ዳን ካምቤል እንኳ በ2015 የማያሚ ዋና አሠልጣኝ ሲባረር በጊዜያዊነት ተተክቶ 5 አሸንፎ 7 ከተሸነፈ በኋላ አልቀጠሉትም፤ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ አምስት ዓመት ረዳት ሆኖ ነው በ2021 የዲትሮይት ላየንስ ዋና አሠልጣኝ የሆነው።

የትኛውን ክፍል እንደሚያግዝም ይጠይቅ። ከላይንባከሮቹ ጋር ካደረጉት ይደሰታል፤ እኛ ግን ከኮርነሮቹና ከሴፍቲዎቹ (ከሁሉም ኋላ ሆነው ከሚጠብቁት) ጋር ቢያደርጉት እንመርጣለን። የማያውቀው እዚያ ነው ያለው። የሚማረውንም ትምህርት ስፖርት አስተዳደር ከሚሉት ይልቅ ስታትስቲክስ ወይም የመምህርነት ፈቃድ የሚያስገኝ ቢሆን ይሻላል፤ አሠልጣኝነቱ ባይሳካ እንጀራ ይሆነዋል።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። በ2024 ዝቅተኛው የፕራክቲስ ስኳድ ክፍያ በሳምንት 12,500 ዶላር ነበር። በዚያ ገቢ የተያዘ መኪናና አፓርታማ ካለ አሁን ይሰናበት፤ በኪስ ገንዘብ አይያዝም። ለተጫዋቾች ማኅበሩም ጽፎ ስንት የውድድር ዘመን እንደተቆጠረለት በወረቀት ይጠይቅ። የጡረታ መብት የሚገኘው ሦስት ዘመን ሲቆጠር ነው፤ በፕራክቲስ ስኳድ ያለፈ ሳምንት ደግሞ ዋናው ዝርዝር ላይ እንዳለፈው አይታይም። የጉልበቱን የሕክምና ማህደርም ከቡድኑ ቅጂ ይውሰድ፤ የሥራ ላይ ጉዳት ካሣ ቀነ ገደቡ በየክፍለ ግዛቱ ስለሚለያይ ጠበቃ ሳይዘገይ ያናግር።

የቅጥሩ ወቅት እንዳያልፈውም ያስተውል። በሊጉ መደበኛው ውድድር ባለቀ ማግስት፣ በጃንዋሪ፣ ሰው ይባረራል፤ ወንበሮቹ እስከ ፌብሩዋሪ ይሞላሉ። በዚያው ጃንዋሪ የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኞች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ አለ፤ ሥራ ፈላጊውም ቀጣሪውም በሆቴሉ አዳራሽ ሲገናኝ ይውላል። ቀጥሎ በሞቢል፣ አላባማ ሲንየር ቦውል (ኮሌጅ የጨረሱ ምርጦች ጨዋታ)፤ ከዚያ በኢንዲያናፖሊስ ኮምባይን (ለድራፍት የሚቀርቡት የሚፈተኑበት)። በቢል ዋልሽ ስም የሚጠራውና በ1987 የተጀመረው የሊጉ የአሠልጣኝነት ሥልጠናም አለ፤ በየቡድኑ በበጋው ካምፕ ወይም ከውድድር ውጪ ባለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ያሠራል። የዩኒቨርሲቲው ካምፕ ኦገስት ላይ ስለሚጋጭበት ለሜይ ወሩ ልምምድ ያመልክት፤ ለድሮ ቡድኑ የላይንባከር አሠልጣኝ ደግሞ አሁኑኑ ይደውልለት። ሲደውል ሥራ አይጠይቅ። የሠራውን የአራት ጨዋታ ሰንጠረዥ ልኮ «ስህተቴን ንገረኝ» ይበለው።

ለእርስዎ የቀረው አንድ ነገር ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል አይጠብቁት፤ ሴፕቴምበር ጨዋታው የተጧጧፈበት ነው። ለገና ጃንዋሪ 7 ከመጣም ጉባኤው እዚያው አካባቢ ስለሚውል ሻንጣውን ሳይፈታ ነው። ፋሲካ ከጸደዩ ልምምድ ጋር ይገጥማል። እጁ ባዶ የሚሆነው በጁላይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ሰርግም ሆነ ክርስትና ካሰባችሁ ቀኑን እዚያ ላይ ቁረጡት፤ አዳራሹን ከመያዛችሁ በፊት ግን ካምፑ የሚጀምርበትን ቀን ጠይቁት።